የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስልኩ አዳፕተሩን አገኘው፣ መኪናው ግን ዝም አለ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ክብሪት ቀፎ የምታህል አንዲት ዕቃ የሚመለከቱ ናቸው፦ ከመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ የምትሰካውና የመኪናውን ኮምፒውተር ከስልክ ጋር የምታነጋግረው ገመድ አልባ የኦቢዲ አዳፕተር። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። እዚህ ያለው መስመር አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንዱ ከስልክ እስከ አዳፕተር፣ ሌላው ከአዳፕተር እስከ መኪናው ኮምፒውተር። "አልገናኝ አለኝ" ብለው ከጻፉልን አብዛኞቹ የትኛው መስመር እንደተቋረጠ ሳይለዩ ነው አዳፕተር የቀየሩት፤ አንዳንዶቹም ሁለቴ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የብሉቱዝ አዳፕተር በጓደኛዬ አንድሮይድ ስልክ ያለ ችግር ይሠራል። በእኔ አይፎን ግን የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይታይም። ስልኬ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ስልክዎ ደህና ነው። ርካሾቹ አዳፕተሮች የሚጠቀሙት "ክላሲክ" የሚባለውን የቀድሞውን ብሉቱዝ ሲሆን፣ መረጃውንም የሚያስተላልፉት "ሲሪያል ፖርት" በሚሉት መንገድ ነው። አንድሮይድ ይህን መንገድ ለማንኛውም አፕ ክፍት አድርጎታል። አይፎን ግን የአፕል ፈቃድ ለሌለው ዕቃ አይከፍተውም። ስለዚህ አፕ መቀየርም ሆነ ስልኩን ሪሴት ማድረግ ምንም አይፈይድም።

ለአይፎን የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ በዋይፋይ የሚሠራ አዳፕተር፣ ወይም "ሎው ኢነርጂ" የተባለውን ብሉቱዝ የሚጠቀም። ማሸጊያው ላይ "ብሉቱዝ" ብቻ ተጽፎ ካዩ አይመኑት፤ "ለአይፎን ይሠራል" የሚል፣ ወይም ብሉቱዝ 4.0 እና ከዚያ በላይ መሆኑን ከነሎው ኢነርጂው የሚገልጽ ጽሑፍ ይፈልጉ።

ሎው ኢነርጂውን ከገዙ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ይህኛው ዓይነት ከስልኩ ሴቲንግ ላይ ፔር አይደረግም (አይጣመርም)። የስልኩን ብሉቱዝ ማብራት ብቻ ይበቃል። ከዚያ አፑን ይክፈቱ፣ የግንኙነት ዓይነት የሚለው ላይ ሎው ኢነርጂ ብሉቱዝን ይምረጡ፣ አዳፕተሩን እዚያው አፑ ውስጥ ካለው ዝርዝር ይንኩት። ቀድመው ከሴቲንግ ላይ ፔር አድርገውት ከሆነ መጀመሪያ ከዚያ ይሰርዙት፤ ስልኩ ይዞት ሳለ አፑ ላያገኘው ይችላልና።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ነው የምጠቀመው። ፒኑን 1234 አስገብቼ ፔር አድርጌአለሁ፤ አፑ ግን "ከአዳፕተሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም" ይለኛል። ሴቲንግ ውስጥ ስገባም "ተጣምሯል" እንጂ "ተገናኝቷል" አይልም።

መልስ፦ "ተገናኝቷል" አለማለቱ አያስጨንቅዎ። ፔር ማድረግ ስልኩና አዳፕተሩን ማስተዋወቅ ነው፤ መስመሩን የሚከፍተው አፑ ነው፣ የሚከፍተውም ሥራ ሲጀምር ብቻ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ፔር ሲደረግ ወዲያው ስለሚገናኝ ብዙ ሰው ከአዳፕተሩም ያንኑ ይጠብቃል። ፒኑ ትክክል ነው፤ 1234 ካልሠራ 0000 ነው የሚሞከረው።

አሁን አፑ ሴቲንግ ውስጥ ይግቡ። የግንኙነቱ ዓይነት ብሉቱዝ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ አፕ ሲጫን ዋይፋይ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ፔር ካደረጓቸው ዕቃዎች ዝርዝር አዳፕተሩን በስሙ ይምረጡ። ይህ ሁለተኛ ምርጫ ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፦ ስልኩ አዳፕተሩን ያውቀዋል፣ አፑ ግን ከየትኛው ዕቃ ጋር እንዲነጋገር አልተነገረውም።

እሱ ተስተካክሎም እምቢ ካለ ፈቃዶቹን ይዩ። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ አፑ "በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች" የሚለውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ላይ ደግሞ አፑ አዲስ የብሉቱዝ ዕቃ የሚፈልገው የሎኬሽን ፈቃድ ሲሰጠው ነው፤ ፍለጋው እስኪያልቅም ሎኬሽኑ ራሱ ቢበራ ይሻላል። መኪና መመርመርና ሎኬሽን ምን አገናኛቸው ብለው "አይፈቀድም" ያሉ አንባቢያን ጥቂት አይደሉም።

ሦስተኛው ምክንያት ሌላ ሰው መስመሩን ይዞት መሆኑ ነው። አዳፕተሩ በአንድ ጊዜ የሚያናግረው አንድ ስልክ፣ አንድ አፕ ብቻ ነው። ሁለት የምርመራ አፕ ጭነው አንዱ ከጀርባ እየሠራ ከሆነ፣ የቤተሰብ ስልክ ወይም አንድሮይድ ያለው የመኪናው ቴፕ ቀድሞ ይዞት ከሆነ፣ የእርስዎ አፕ በር ላይ ይቀራል። ሌሎቹን ሙሉ በሙሉ ይዝጉ፤ ከዚያ ፔሩን ይሰርዙ፣ አዳፕተሩን ነቅለው 30 ሴኮንድ ያህል ያቆዩት፣ መልሰው ሰክተው እንደገና ፔር ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የእኔ ዋይፋይ ነው። ስልኩ ይገናኝና "ኢንተርኔት የለም" ብሎ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ በራሱ ይለቀዋል።

መልስ፦ ስልኩ እውነቱን ነው፤ ኢንተርኔት የለም፣ አይኖርምም። አዳፕተሩ የራሱን ትንሽ ኔትወርክ ነው የሚፈጥረው። ስልኮች ግን ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ሲያጋጥማቸው ወደ ሞባይል ዳታ እንዲሸሹ ተደርገው ተሠርተዋል። ስለዚህ ምርመራው እስኪያልቅ ሞባይል ዳታውን ያጥፉት፤ አንድሮይዱ "ኢንተርኔት የለም፣ ልቆይ?" ብሎ ሲጠይቅ "አዎ" ይበሉት። ቪፒኤን ካለ እሱንም ያጥፉ። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ "ሎካል ኔትወርክ" የሚባል ፈቃድ አለ፤ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ይጠይቃል፣ ያኔ ከልክለውት ከሆነ ከሴቲንግ ላይ ያብሩለት።

አፑ ውስጥ አድራሻው 192.168.0.10፣ ፖርቱ 35000 መሆን አለበት። አብዛኞቹ የዋይፋይ አዳፕተሮች በዚህ ነው የሚሠሩት፤ የእርስዎ የተለየ ከሆነ አብሮት በመጣው ወረቀት ላይ ይኖራል። ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝቶም የተሰጠው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ አዳፕተሩ አድራሻ አላደለውም ማለት ነው። በእጅ ይስጡት፦ አድራሻ 192.168.0.11፣ ማስክ 255.255.255.0። አፑን ደግሞ መኪናው ጋ ከመድረስዎ በፊት ያውርዱት፤ ከተገናኙ በኋላ ማውረድ አይቻልም።

ጥያቄ፦ አፑ ከአዳፕተሩ ጋር ተገናኝቻለሁ ይላል። ቀጥሎ ከኢሲዩ (ከመኪናው ኮምፒውተር) ጋር ልገናኝ ሲል ይቆማል፤ መጨረሻ ላይ ኤረር ያወጣል። መኪናው የቆየ ነው።

መልስ፦ እርስዎ ጋ የመጀመሪያው መስመር ደህና ነው፤ የተቋረጠው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ብሉቱዙን ይተዉት፣ ስልኩን አይንኩት።

መጀመሪያ ቁልፉ። ሶኬቱ ቁልፍ ባይከፈትም ኃይል ስላለው የአዳፕተሩ መብራት ይበራል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ተኝቷል። ቁልፉን የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ እስኪበሩ ያዙሩት። በቁልፍ ሳይሆን በሚጫን ቁልፊት (ስታርት በተን) በሚነሱት መኪኖች ፍሬን ሳይረግጡ ቁልፊቱን መጫን ነው፤ በብዙዎቹ ሁለቴ። ሬድዮው የሚሠራበት ደረጃ አይበቃም።

ቀጥሎ መኪናው ራሱ ኦቢዲ 2 የሚባለውን መደበኛ የምርመራ ቋንቋ ይናገራል ወይ የሚለው ነው። ኦቢዲ 2 በአሜሪካ ገበያ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001፣ ለናፍጣ ከ2004 ነው፤ ሁሉም እ.ኤ.አ.። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩት ላይ የሶኬቱ ቅርጽ ማረጋገጫ አይሆንም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙዎቹ ባለ 16 ፒኑን ሶኬት ይዘው፣ ለመደበኛው ጥያቄ ግን አይመልሱም። ለእነዚህ አንዳንድ አፖች ለጃፓን ገበያ ተሽከርካሪ የተዘጋጀ የግንኙነት ምርጫ አላቸው፤ የመኪናውን ዓይነት ከሚመርጡበት ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉት።

አሁን ባትሪ አምፖል ይዘው ሶኬቱን ጎንበስ ብለው ይዩት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ሲሆን የላይኛው ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 8፣ የታችኛው ከ9 እስከ 16 ይቆጠራል። ሁሉም ቀዳዳ ብረት አይኖረውም፤ የትኛው ውስጥ ብረት እንዳለ ማየት መኪናው በየትኛው መንገድ እንደሚናገር ይጠቁማል። 6 እና 14 ላይ ብረት ካለ ካን የሚባለው አዲሱ መንገድ ነው። እነሱ ባዶ ሆነው 7 ላይ ካለ ኬ-ላይን የሚባለው የቆየው ነው። 2 ላይ ያለው ደግሞ የቆዩ የአሜሪካ መኪኖች መንገድ ነው። የእርስዎ ኬ-ላይን ከሆነ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ሊሆን ይችላል፦ በጣም ርካሽ በሆኑት ውስጥ ለኬ-ላይን የሚያስፈልጉት ክፍሎች ቦርዱ ላይ ጭራሽ አልተገጠሙም። እንዲህ ያለው አዳፕተር ካን ባለው መኪና ላይ እንከን የለሽ ሆኖ፣ በእርስዎ ላይ ዲዳ ይሆናል።

አፕዎ ትእዛዝ መጻፊያ ገጽ ካለው አራት ትእዛዝ ነገሩን ይለይልዎታል። በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። ኤ-ቲ-ዜድ ሲሉት አዳፕተሩ ራሱን አስነስቶ ስሙን ይመልሳል። ኤ-ቲ-አር-ቪ የባትሪውን ቮልት ይነግርዎታል፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.4 አካባቢና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ኤ-ቲ-ኤስ-ፒ-0 መንገዱን ራስህ ፈልግ ማለት ነው። በመጨረሻ 0100 ብለው ይላኩና ኬ-ላይን ከሆነ ጥቂት ሴኮንድ ይታገሱ። 41 00 ብሎ የሚጀምር መልስ ከመጣ መኪናው ተናግሯል፤ የቀረው የአፑ ሴቲንግ ነው። "አንኤብል ቱ ኮኔክት" (መገናኘት አልቻልኩም) ካለ ያሉትን መንገዶች ሁሉ ሞክሮ መልስ አጥቷል፦ ቁልፍ፣ ወይም የማይደግፍ መኪና፣ ወይም ጎዶሎ አዳፕተር። "ባስ ኢኒት ኤረር" የኬ-ላይን ሰላምታ መክሸፉ ነው። "ካን ኤረር" የሚለው በተሳሳተ ፍጥነት መሞከሩን ወይም የሽቦ ችግርን ያሳያል።

መኪናው የሚናገርበትን መንገድ አንዴ ካወቁ አፑ ላይ በቋሚነት ይምረጡት። በየጊዜው ሁሉንም መንገድ ከመሞከር ይድናል፤ ግንኙነቱም ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ አዳፕተሩን ስሰካው መብራቱ ጭራሽ አይበራም።

መልስ፦ ጠበቅ አድርገው ይሰኩት፤ ብዙ ሶኬት መጀመሪያ ላይ ይጠብቃል። ካልሆነ ፊውዝ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ይህ ሶኬትና የሲጋራ መለኮሻው አንድ ፊውዝ ይጋራሉ፤ መለኮሻው ላይ የሰኩት የስልክ ቻርጀር ካቃጠለው አዳፕተሩም አብሮ ይጠፋል። መልቲሜትር ካለዎት ቀዩን 16 ላይ፣ ጥቁሩን 4 ላይ ይንኩ፤ 12 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ካላነበበ ጥቁሩን ወደ ቦዲው ብረት ያዙሩት፤ አሁን ካነበበ የጎደለው መሬቱ ነው፣ አሁንም ካላነበበ ፊውዙ። ሲለኩ ሁለቱ ጫፎች እንዳይነካኩ።

ጥያቄ፦ አዳፕተሩን ተሰክቶ ብተወው ባትሪ ይጨርሳል?

መልስ፦ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አይጨርስም። ለሚቆም መኪና ግን ሂሳቡን ይዩት። 16ኛው ፒን ቁልፍ ሲጠፋም ኃይል አለው። አዳፕተሩ 40 ሚሊአምፔር ቢስብ በ24 ሰዓት ወደ 1 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ በሁለት ሳምንት 13 ተኩል ያህሉ ሄደ ማለት ነው፤ መኪናው በራሱ የሚስበው ሳይቆጠር። ያረጀ ባትሪ ከዚያ በፊት እጅ ይሰጣል። ዋይፋዩ ከብሉቱዙ የበለጠ ይስባል። በቁልፊት የሚጠፋ ወይም በራሱ የሚተኛ አዳፕተር ከሌለዎት ሲጨርሱ ይንቀሉት።

ለመንቀል ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎቹ የዋይፋይ አዳፕተሮች የይለፍ ቃል የላቸውም፤ አጠገብ የቆመ ማንም ሰው በስልኩ ገብቶ የመኪናዎን ኮምፒውተር ማናገር ይችላል። በተጨማሪ ቦታው ጉልበት የሚነካበት ነው፤ ሲገቡና ሲወጡ እየተገፋ የሶኬቱ ፒኖች ይላላሉ። ሁልጊዜ መጠቀም የሚፈልግ ሰው አጭር የማራዘሚያ ገመድ ገዝቶ አዳፕተሩን ወደ ውስጥ ቢያስገባው ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንዱ አዳፕተር "ቨርዥን 1.5" ይላል፣ ሌላው "2.1"። አዲሱን ልግዛ?

መልስ፦ ቁጥሩን አይተው አይግዙ። የእነዚህ አዳፕተሮች ልብ የሆነውንና ኢኤልኤም 327 የሚባለውን ቺፕ ያወጣው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቨርዥን ከመቀዳት የሚከላከል ነገር ስላልነበረው ገበያው በቅጂ ተጥለቀለቀ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራውን አቁሟል። የሚያስቀው ነገር ኩባንያው 1.5 የሚባል ቨርዥን ሸጦ አያውቅም፤ ቁጥሩ የቀጂዎቹ ፈጠራ ነው። እንዲያም ሆኖ 2.1 ከተጻፈባቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ 1.5 ከተጻፈባቸው ያነሰ ትእዛዝ ነው የሚረዱት። አፑ ትእዛዝ ሲልክ አዳፕተሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ ከመለሰ "አልገባኝም" ማለቱ ነው። ሲገዙ የመመለስ መብት ይያዙ፤ በራስዎ መኪና ላይ ሞክረው ካልሠራ እንዲመልሱት። የሞተሩን የብልሽት ኮድ ማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ደህና ቅጂ ይበቃዋል። የመኪናውን ሌሎች ክፍሎችም መመርመር ለሚፈልግ ግን የታወቀ አምራች አዳፕተር መግዛት ነው የምንመክረው።

ጥያቄ፦ ፒ0420 የሚል ኮድ አሳየኝ። ከአፑ ላይ አጠፋሁት፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። አዳፕተሩ በደንብ አያጠፋም ማለት ነው?

መልስ፦ በደንብ አጥፍቶታል፤ ችግሩን ግን ማንም አልነካውም። ፒ0420 የጭስ ማጣሪያው፣ ካታሊስት የሚባለው፣ አቅሙ ወርዷል የሚል ኮድ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ፈተና የሚያካሂደው የአነዳዱ ሁኔታ ሲመቸው ሲሆን፣ የሞተር መብራቱን የሚያበራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጉዞ ደጋግሞ ሲወድቅ ነው። ሦስት ቀን የፈጀውም ለዚሁ ነው።

ለወደፊቱ ሳያጠፉ በፊት "ፍሪዝ ፍሬም" የሚለውን ገጽ ከፍተው ስክሪንሾት ያንሱ። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ዙር፣ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱ፣ የነዳጅ ማስተካከያው ስንት እንደነበር እዚያ አለ፤ ኮዱ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በራሱ ላይ ያካሄዳቸው ፈተናዎች ውጤትም ወደ ዜሮ ይመለሳል።

ማጣሪያውን ከመቀየርዎ በፊት ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በ2,500 ዙር ይዘው የኋለኛውን የኦክስጅን ሴንሰር ግራፍ ይዩ። ማጣሪያው ጤነኛ ከሆነ ቮልቱ 0.6 እና 0.7 አካባቢ ረጋ ብሎ ይሄዳል። በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ከሆነ ማጣሪያው ደክሟል። ማርሚታው ከሴንሰሩ በፊት የሚተነፍስ ቀዳዳ ካለው ግን ያው ግራፍ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን ቀድመው ይፈልጉ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ሞተሩ እየሳተ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ማጣሪያው እየላከ ነው፤ ጋዝ ቀንሰው ይንዱና ካንዴላና ኮይሉን ያስዩ።

ጥያቄ፦ የኤቢኤስ (ጎማ በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) መብራት በርቷል፣ አፑ ግን "ምንም ኮድ የለም" ይላል።

መልስ፦ ኦቢዲ 2 ደረጃው የወጣለት ከብክለት ጋር ለሚያያዙ ነገሮች፣ በዋናነት ለሞተሩ ነው። ኤቢኤስና ኤርባግ የየአምራቹ የራሱ ቋንቋ አላቸው። የመኪናዎን አምራች ለይቶ የሚደግፍ አፕ ያስፈልግዎታል፤ በአንዳንድ ፎርዶች ላይ እንዲያውም አንዳንድ ክፍሎች 3 እና 11 በሆኑት ፒኖች በኩል ስለሚገኙ አዳፕተሩም ወደዚያ መቀያየሪያ ያለው መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የሞተሩ ዙር ቁጥር ስክሪኑ ላይ ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው።

መልስ፦ ስንት ጌጅ (የመለኪያ ማሳያ) ነው የከፈቱት? ኬ-ላይን በሴኮንድ 10,400 ቢት፣ ካን ደግሞ በብዛት 500,000 ቢት ያስተላልፋል። ኬ-ላይን ላይ እያንዳንዱ ጥያቄ ተራውን ስለሚጠብቅ አሥር ጌጅ ከከፈቱ እያንዳንዱ የሚታደሰው ከሴኮንድ በላይ ቆይቶ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይተዉ፤ የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀትን የመሰለ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ነገር በሌላ ገጽ ላይ ያድርጉት።